ወፍ ማየት ለምትጀምሩ፦ ከገፈርሳ ተነሱ

ወፍ ማየት ሲባል ብዙ ሰው ነጭ ሳርን ወይም አዋሽን ያስባል። ለጀማሪ ግን የገፈርሳ ግድብ ይሻላል ባይ ነኝ። ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ዳርቻው ገላጣ ስለሆነ ወፏን ቅጠል አይሸፍንባችሁም።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። ያኔ ጭቃው ይደርቃል፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎችም ውሃው ላይ ናቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ብትደርሱ ጥሩ ነው። ጃኬት ያዙ፤ የኅዳር ውርጭ ቀልድ አያውቅም። ነጭና ቀይ ልብስ ቤት ይቅር።

ባይኖኩላር ስትገዙ ወይም ስትዋሱ 8 በ42 የሚለውን ምረጡ። 8 ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42 ደግሞ የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይነግራችኋል። ሻጩ 12 እጥፉን ቢያሞግስም እሺ አትበሉት፤ እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ አብሮ ይዘላል።

ቤት ሳላችሁ አስተካክሉት። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ሩቅ ያለ ታፔላ ጥርት እስኪል የመሃሉን ማዞሪያ አዙሩ። ቀጥሎ ግራውን ጨፍኑና፣ የመሃሉን ሳትነኩ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሩ። ከዚያ ወዲያ የምትነኩት የመሃሉን ብቻ ነው። ወፍ ስታዩ ዓይናችሁን ከእሷ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። አቀርቅሮ ባይኖኩላር ሲፈልግ የቆየ ሰው ቀና ሲል ወፏ ሄዳለች።

ገፈርሳ የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ግድብ ነው። መጀመሪያ ጥበቃዎቹን ሰላም ብላችሁ አስፈቅዱ፤ ካሜራ ካላችሁም ተናገሩ። ከዚያ አንድ ቦታ መርጣችሁ ቁጭ በሉ። ወፍ አታባርሩ፤ ዝም ካላችሁ ራሷ ትቀርባለች።

ጋጋኖን አዲስ አበቤ ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ጣሪያችን ላይ እየጮኸ እንቅልፍ የሚነሳን እሱ ነው። እዚህ ግን ተረጋግታችሁ እዩት፦ መንቆሩ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ ተንጠልጥሏል፤ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይገኝም።

እርጥቡ ሳር ላይ ጥንድ ሆነው የሚግጡ አመድማ ዝይዎች ካያችሁ ቶሎ አትለፏቸው። ክንፋቸውን ሲዘረጉ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ብቅ ይላል። እነዚህ ደግሞ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ናቸው። የማታውቁትን ወፍ መጠኑን፣ መንቆሩን፣ እግሩንና የሚሠራውን ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ስሙ በኋላ ይፈለጋል።

ዓይናችሁ ሲለምድ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ይጠብቃችኋል። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ እዚያ ናቸው። ጥዱ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይሠራል፤ ቅርንጫፍ ሲናወጥ ወደ ላይ እዩ። ከመሄዳችሁ በፊት የሰሞኑን የመንገድ ሁኔታ ጠይቁ። የአካባቢውን ልጅ ይዛችሁ ግቡ፤ ዋጋውን ግን መነሻው ላይ ተነጋገሩ።