ጊታር ስትጫወቱ ግራ እጃችሁን የሚያደክሙ ስህተቶች

ፒያሳ ሄዳችሁ ጊታር ገዛችሁ፣ ቤት ገብታችሁ ጀመራችሁ፣ ብዙም ሳትቆዩ ግራ እጃችሁ ዛለ። ይሄኔ «የኔ ጣት ለጊታር አልተፈጠረም» ብላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው አያያዙ ላይ ነው፤ አያያዝ ደግሞ ይስተካከላል።

ዋናው ስህተት ክሩን ከሚገባው በላይ መጫን ነው። አሁኑኑ ሞክሩት። አንድ ጣት ሳትጫኑ ክሩ ላይ አሳርፉና በቀኝ እጃችሁ ምቱ፤ የታፈነ ድምፅ ይወጣል። እየመታችሁ በጣም ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። መጀመሪያ ይንዘረዘራል፣ ቀጥሎ ጥርት ይላል። እዚያው ላይ አቁሙ! የሚያስፈልገው ጉልበት ያ ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ የምትጨምሩት እጃችሁን ከማድከም አልፎ ድምፁን ከቅኝት ያወጣዋል።

ጣታችሁ በሁለት ፍሬቶች (አንገቱ ላይ በተሰደሩት ብረቶች) እኩል መሐል ከተቀመጠም ጉልበት ይበላል። ወደ ድምፅ ሳጥኑ በኩል ወዳለው ብረት አስጠጉት፣ ብረቱ ላይ ግን አትውጡ። የግራ እጅ ጥፍርም ይቆረጥ።

አውራ ጣትስ? የጊታሩን አንገት እንደ ዱላ ጨብጦ መያዝ የተለመደ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው አውራ ጣትን ከአንገቱ ጀርባ፣ ከመሐል ጣት ትይዩ ማሳረፍ ነው።

ሶፋ ውስጥ ሰምጣችሁ፣ ክሮቹን ለማየት ብላችሁ ጊታሩን ጭናችሁ ላይ አታጋድሙት። አንጓችሁ የሚታጠፈው በዚህ ነው። በርጩማ ላይ ቀና ብላችሁ ተቀመጡ፣ የጊታሩን አንገት ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ግራ እጃችሁም ጊታሩን አይሸከም።

ኤፍ ኮርድ (ሌባ ጣት ክሮቹን ሁሉ ተሻግሮ የሚተኛበት፣ አንድ ላይ የሚመታ የድምፆች ስብስብ) ብዙ ሰው ያስመርራል። ግን ልብ በሉ፣ ሌባ ጣት ስድስቱንም ክር አጥብቆ መያዝ የለበትም። 1ኛው (ቀጭኑ)፣ 2ኛውና 6ኛው (ወፍራሙ) ከጠሩ በቂ ነው፣ የቀሩትን ሌሎቹ ጣቶች ይዘዋቸዋል። ሌባ ጣትን በትንሹ ወደ ጎኑ አዙሩትና ክንዳችሁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ካስቸገረ ጊታሩን ጠርጥሩ። አኮስቲክ (ያለ ኤሌክትሪክ የሚጫወቱት፣ የብረት ክር ያለው) ከሆነ 12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር ከብረቱ በ2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢርቅ ደህና ነው። በጣም ከራቀ የሚያስተካክል ባለሙያ ፈልጉ፣ ወይም ቀጭን ክር ግዙ።

ለልምምድ የትዝታን ቅኝት ሲ ከተባለው ድምፅ ተነስታችሁ በዝግታ ውጡ፦ 5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ 4ኛው ክር ክፍቱን (ሳትጫኑ) እና 2ኛ ፍሬት፣ 3ኛው ክር ክፍቱንና 2ኛ ፍሬት፣ በመጨረሻ 2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት። የጣት ጫፍ ቢቆጠቁጥ መጀመሪያ ላይ ያለ ነው። አንጓ ወይም መዳፍ ካመማችሁ፣ ጣት ከደነዘዘ ግን «ልቻለው» አትበሉ፣ ጊታሩን አስቀምጡና እረፉ።