የቤት ጃኩዚ ችግርና መፍትሄ፦ ለድሬና ለሐረር ውሃ

ጃኩዚ ቤት ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ሰሞን ደስታ ነው። ከዚያ ውሃው መሽተት ይጀምራል። አረፋው ይደፍቃል። ሂተሩ አልሞቅ ይላል። ባለሙያ ይጠራል፣ ማሽኑ ይፈታል፣ ብር ይወጣል። እኔ የምለው ይሄን ነው፤ ማሽኑን ከማስፈታታችሁ በፊት ውሃውን እዩ።

እኛ ጋ አብዛኛው የጃኩዚ ጣጣ የሚጀምረው ከውሃው ነው። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፤ ኖራው ብዙ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምስክር ነው። ሐረርም ቢሆን ሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ብዙው ውሃ የሚመጣላት ከድሬ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ሽቅብ ተገፍቶ ነው። ኖራውም አብሮ ይወጣል። በዚያ ላይ ውሃው በፈረቃ ስለሆነ፣ ደፍቶ እንደገና መሙላት ለሐረር ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት የውሃ መለኪያ ወረቀት ግዙ። ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀለሙን ማየት ብቻ ነው። ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ ከ7.2 እስከ 7.8 ይሁን። አልካሊኒቲ፣ ማለትም ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚይዘው ነገር፣ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም በሊትር። ክሎሪን ቢያንስ 3 ሚሊ ግራም በሊትር። እነዚህን ሳያውቁ ኬሚካል መጨመር ብር መበተን ነው።

ውሃው ይሸታል፣ ዓይን ያቃጥላል

ሰው ይህን ሲያይ «ክሎሪን በዛ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ያ የሚሰነፍጥ ሽታ የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብ፣ ከሽንትና ከቅባት ጋር ተጣብቆ ሲደክም ነው። ነፃ ሆኖ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን አልቋል ማለት ነው።

መፍትሄው ጠንከር ያለ ክሎሪን አንዴ መስጠት ነው። የፑል ክሎሪን ካጣችሁ ሽቶ የሌለው፣ ያልወፈረ ተራ በረኪና ይሠራል። ጥንካሬው 5 በመቶ ከሆነ፣ ለ1000 ሊትር ውሃ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ክሎሪኑን በ3 ሚሊ ግራም በሊትር ከፍ ያደርጋል። ለሸተተ ውሃ 200 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ፓምፑ እየሠራ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ጨምሩት። ቀን ከጨመራችሁት የድሬ ፀሐይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታጠፋዋለች። ወረቀቱ ከ5 በታች እስኪያሳይ ድረስ ማንም አይግባ።

በረኪናውን ደግሞ ጥላ ቦታ አስቀምጡት። ሙቀት ያደክመዋል። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የከረመ በረኪና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል ጉልበት የለውም። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

አረፋ አልጠፋ አለ

አረፋ የሚመጣው ሰውነት ላይ ካለው ነገር ነው። ሎሽን፣ የፀጉር ቅቤ፣ ዘይት፣ ሳሙናው በደንብ ያልወጣለት የዋና ልብስ። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ አለ፤ ቀሲል። ፊት ላይ የሚቀባው ይህ የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት በተፈጥሮው አረፋ የሚያወጣ ነገር አለው፤ ለዚህ ነው ፊትን የሚያጸዳው። በደንብ ሳይታጠቡት የገቡ ሁለት ሰዎች ጃኩዚውን በአረፋ ይሞሉታል።

አረፋ ማጥፊያ የሚባለው ፈሳሽ ለማታዋ ያህል ይሠራል፤ ምክንያቱን ግን አያነሳም። ሥር ነቀሉ መፍትሄ ከመግባት በፊት መታጠብ ነው፣ ያለ ሎሽን። የዋና ልብሱን ያለ ሳሙና በንጹህ ውሃ ብቻ እጠቡት። ፊልተሩን አውጡና በጎማ ውሃ፣ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ከላይ ወደ ታች እጠቡ። ይህን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አድርጉ። ተጨማሪ ፊልተር ቢኖራችሁ በጣም ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ታጥቦ ይደርቃል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አረፋው ከቀጠለ ውሃው አርጅቷል፣ ይደፋ።

መቼ ይደፋ ለሚለው ቀላል ስሌት አለ። የውሃውን ሊትር ለ12 አካፍሉ፣ ያገኛችሁትን ደግሞ በቀን ለሚገባው ሰው ቁጥር። 1000 ሊትር ሆኖ በየቀኑ ሁለት ሰው ከገባ 40 ቀን አካባቢ ይመጣል። ለሐረር ቤት ይህ ስሌት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ታጥቦ የሚገባ ሰው ውሃውን ያቆየዋል።

የሚደፋውም ውሃ አይባክን። ክሎሪን መጨመር አቁሙና ክዳኑን ከፍታችሁ ለጥቂት ቀን ፀሐይ ይምታው። ወረቀቱ ክሎሪን ዜሮ ሲል ለግቢ ማጠቢያ፣ ለሽንት ቤት፣ ለጥላ ዛፍ ይሆናል። ለአትክልትና ለሚበላ ነገር ግን አላደርገውም።

ግድግዳው ሻከረ፣ ነጭ ነገር ያዘ፣ ሂተሩ ደከመ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ ብዙ ብር የሚያልቀው በዚህ ነው።

ኖራ ከሌሎች ጨዎች የሚለይበት ጠባይ አለው። ውሃው ሲሞቅ መሟሟቱ ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጋገረው በጣም ሞቃት በሆነው ቦታ፣ ሂተሩ ውስጥ ባለው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ውሃውን በሚያሞቀው ብረት ላይ ነው። ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር የሚኖር የአንድ ወዳጄን ሂተር ሲፈቱ አይቻለሁ። ብረቱ አይታይም ነበር። ዙሪያውን የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ነጭ ነገር ሸፍኖታል፤ በጥፍር ሲነካ ልጥ ልጥ እያለ ይወድቃል። እንዲህ ሲሆን ሙቀቱ ወደ ውሃው አያልፍም። ሬዚስታንሱ ራሱን ያቃጥላል። ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ውሃው ለብ እንዳለ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ አየር። ጄቶቹ፣ ማለትም ውሃና አየር የሚገፉት ቀዳዳዎች፣ አየር ሲነፉ ከውሃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። እሱ ሲወጣ ፒኤች ይጨምራል። ፒኤች ሲጨምር ኖራው ይጋገራል። ሰው ሳይኖርበት አየሩን ከፍቶ የሚተው ቤት ኖራን በገዛ እጁ እየጠራው ነው። ከወጣችሁ በኋላ የአየር መክፈቻውን ዝጉ። ይህ ምንም ብር አያስወጣም።

የተጋገረውን ለማስለቀቅ መብራቱ ከዋናው ይጥፋ፣ ሬዚስታንሱ ይፈታና አቼቶ ውስጥ ይደር። ኖራው ይፈላል፣ ይለቃል። በደንብ አጥባችሁ መልሱት። ግድግዳውን ውሃው ከተደፋ በኋላ አቼቶ በነካ ስፖንጅ አሹት። አቼቶን ግን ጃኩዚው ውሃ ውስጥ አታፍሱ፤ ክሎሪን ይበላል። ፒኤች ለማውረድ ለፑል የሚሸጠውን ማውረጃ ተጠቀሙ። የባትሪ አሲድ የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው።

እንዳይመለስ ፒኤችን ከ7.2 እስከ 7.4 አካባቢ፣ አልካሊኒቲን ወደ 80 አድርጉ። አልካሊኒቲው ከዚያ በታች ከወረደ ደግሞ ፒኤች መዋዠቅ ይጀምራል። ያኔ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፤ ለ1000 ሊትር 17 ግራም አካባቢ በ10 ከፍ ያደርገዋል። ለሐረር ደግሞ እኔ በጣም የምወደው መፍትሄ አለ፤ የዝናብ ውሃ። የዝናብ ውሃ ኖራ የለውም ማለት ይቻላል። በክረምት ከጣሪያ ሮቶ ውስጥ አጠራቅሙ። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይሂድ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ያዙ። ግማሽ በግማሽ ከቧንቧ ውሃ ጋር ከተቀላቀለ ኖራው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ክሎሪኑ ግን አይረሳ።

ውሃው አይሞቅም፣ ወይም ቆጣሪው ይሮጣል

ሂተሩ ንጹህ ከሆነ ክዳኑን አንሱ። ከበደ? ውስጡ ያለው ፎም ውሃ ጠጥቷል። ውሃ የጠጣ ፎም ሙቀት አይዝም። ጃኩዚ ሙቀቱን በብዛት የሚያጣው ከላይ፣ በሚተነው ውሃ በኩል ነው። የሐረር ማታ ብርድ ላይ ያረጀ ክዳን ካለ ውሃውን ሳይሆን ሰማዩን ነው የምታሞቁት። ፎሙን ቀይሩ፣ አዲሱንም በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሉት። ክዳኑ ሥር፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ላስቲክ ብትጨምሩ ደግሞ ትነቱ በጣም ይቀንሳል።

ሒሳቡን እንየው። 1000 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 38 ለማድረስ 21 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከ30 ዲግሪ ቢጀምር 9 ገደማ ይበቃዋል። ጣሪያ ላይ ያለ ጥቁር ሮቶ በድሬ ፀሐይ ያን ሙቀት በነፃ ይሰጣል። ስለዚህ ጃኩዚውን ከሰዓት በኋላ ከሮቶው ሙሉ። ሐረር ደግሞ የጣሪያ ሶላር ውሃ ማሞቂያ ያለው ቤት ከሶላሩ ይሙላ።

ድሬ ላይ ውሃው ከታዘዘው በላይ ሞቀ

ይህ የድሬ ልዩ ችግር ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይብሳል። 36 ላይ አስቀምጣችሁት 40 ያሳያል። ሂተሩ አልተበላሸም። ፓምፑ ሲሠራ ራሱ ውሃውን ያሞቃል፣ ክዳኑ ደግሞ ሙቀቱን አያስወጣም። የማጣሪያውን ሰዓት አሳጥሩና ንጋት ላይ አድርጉት። ማታ ክዳኑን ገርበብ አድርጉ። ቀን ጥላ ይኑረው። በእነዚያ ወራት ሂተሩን ጨርሶ አጥፍቶ በለብታ መዝናናት የበለጠ ያስደስታል ባይ ነኝ።

ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ውሃ አይገፋም

ውሃ ተደፍቶ እንደገና ከተሞላ በኋላ ከሆነ አየር ይዞታል። መብራት አጥፉ። ፓምፑ ጋ ያለውን ማያያዣ ትንሽ አላሉት፣ የአየሩ «ፍስስስ» አልቆ ውሃ ሲንጠባጠብ አጥብቁት። ማያያዣው ማንጠባጠቡን ካላቆመ ጎሚኒው ይቀየር። በሚቀጥለው ስትሞሉ ጎማውን ፊልተሩ በሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ አድርጋችሁ ሙሉ፤ አየር አይይዝም።

ከአሜሪካ የመጣ ጃኩዚ ጉልበቱ አነሰ

የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ሞተሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ ወደ 83 በመቶ ይወርዳል፣ ይግላልም። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፓምፕ ነው የሚቀየርለት። የዱባይ መብራት እንደኛው 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዚያ የሚመጣው በዚህ አያስቸግርም። ለማንኛውም ከመግዛት በፊት ሞተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ቆዳ ሽፍ አለ፣ ወይም ሲነሱ ዞረ

ከገቡ በኋላ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የዋና ልብስ በነበረበት ቦታ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ ከወጣ፣ ክሎሪን ባነሰበት ሙቅ ውሃ የሚራባ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ውሃው ይደፋ፣ ጃኩዚው ይጽዳ፣ ፊልተሩ ይቀየር። ከጃኩዚ በኋላ ሳልና ትኩሳት ከመጣ ግን ቀልድ የለውም። ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ጃኩዚ መግባታችሁንም ንገሩ። ሌጂዮኔላ የሚባለው የሳንባ ባክቴሪያ የሚመቸው እንዲህ ያለ ሙቀት ነው።

ማዞር የሚመጣው ሙቀቱ ደም ሥር ሲያሰፋና ደም ግፊት ሲወርድ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ከበርጫ ተነስቶ በቀጥታ የሚገባ አለ። ጫት ልብን ያስሮጣል፣ ሙቅ ውሃም ያስሮጣል። ሁለቱን በአንድ ማታ አታድርጉ፤ መጠጥም እንደዚያው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አይለፍ። 15 ደቂቃ ይበቃል፣ ውሃ ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተነሱ። ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይግባ።

ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረ

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አንዴ ከወደቀ አንዴ መልሱት። የቮልት መከላከያ ቢኖር ደግሞ የጃኩዚውን መቆጣጠሪያ ቦርድ ያድናል፤ መብራቱ ሲመለስ ያለው መዋዠቅ ነው የሚያቃጥለው። ሂተሩ በተነሳ ቁጥር የሚወድቅ ከሆነ ግን ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ውሃው ውስጥ መብራት እያሳለፈ ሊሆን ይችላል። ደጋግማችሁ አታንሱት፣ ትልቅ ብሬከርም አታስቀይሩ። ውሃው ውስጥ ማንም እንዳይገባ አድርጉ፣ ከዋናው አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ሲመጣም ሬዚስታንሱን ብቻ ሳይሆን ግራውንዱንም እንዲለካላችሁ ጠይቁት።