የውጭ አገር መምህር ለገና ስንጋብዝ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከባሕር ማዶ ከመጡ መምህራን ጋር ጠረጴዛ ተጋርቻለሁ፤ ገናንም አብሬአቸው አሳልፌአለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች በሙሉ የሠራሁት እኔው ነኝ።

ከሁሉ የከፋው የእነርሱን ገና መርሳት ነው። «የእኛ ሲደርስ እንጋብዛታለን» ብለን ዝም እንላለን። የእነርሱ በዓል ታኅሣሥ 16 ቀን ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 15። ለእኛ ተራ የሥራ ቀን ነው፤ ደወሉ ይደወላል፣ ደብተር ይታረማል። አንዲት ባልደረባችን በዚያ ቀን የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አስተምራ ወጣችና የጠመኔውን ብናኝ ከቀሚሷ እያራገፈች፣ «ዛሬ እናቴ ቤት ሁሉም ተሰብስቧል» አለችኝ። እኔ ከ13 ቀን በኋላ ስለሚታረደው በግ ሳወራላት ነበር።

ቢያንስ ከሰዓት በኋላ ያላትን ክፍለ ጊዜ ተካፈሉላት። ማታም አታስመሹአት፤ ቤተሰቧ ኒው ዮርክ ከሆነ የዚያ እኩለ ቀን የእኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ ያኔ ከስልኳ ጋር ተዉአት።

ኬክም ሌላ ጣጣ አለው። ታኅሣሥ 16 ጾመ ነቢያት ላይ ነው፤ ጾሙ የሚገባው ኅዳር 15 ነውና። ቅቤና እንቁላል ያለበት ኬክ ካስቆረስናት በኋላ ግማሻችን እጃችንን አጣጥፈን ስትበላ እናያታለን፤ ይባስ ብሎ ፎቶ እናነሣታለን! የጾም ኬክ እዘዙ። አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ መብላትም ጥሩ ነው፤ በጾም ዓሣ የማይቀምስ ስላለ ግን ባልደረቦቻችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዘመድ ሊጠይቃት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ታኅሣሥ 19ን አስታውሷት። ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ያልተያዘ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው።

ወደ እኛው ገና ስንመጣ፣ ሰዓት ጉድ ይሠራል። እኔ «በሦስት ሰዓት ነይ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። ጠዋቱን ጠብቀን ጠብቀን ጾሙን ፈታን። እሷ አበባ ይዛ ብቅ ያለችው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ወጡ ቀዝቅዟል፣ ዘመድ ተበትኗል፣ ባለቤቴ ስኒ እያጠበች ነው። ሰዓት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነገር በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ምግቡን በልክ። «በሞቴ» የሚለውን ቃል ለማያውቅ ሰው ሦስተኛው ጉርሻ ቅጣት ይመስለዋል። ክትፎ ካላችሁ ጥቂቱን አብስሉት፤ ሥጋ የማትበላ ከሆነች ሽሮ ከዶሮው ጎን ቢቀርብ ገበታውን አያዋርደውም።

በመጨረሻም፣ የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ እየጠራችሁ «በል እስኪ በእንግሊዝኛ ተናገር» አትበሉ። ሴትዮዋ በዓል ልታከብር እንጂ ልትፈትን አልመጣችም። አምና በቤቴ እንግሊዝኛ ከልክዬ ነበር። ልጄ የገና ዱላ አስይዟት ግቢ ወጡ። ሩሯን ብትመታት የጎረቤትን ቆርቆሮ አጥር አስጮኸችው። ጎረቤቴ ጋሽዬ ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን ብቅ ሲያደርጉ፣ ልጄ በጆሮዋ ሹክ አላትና እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አለቻቸው።