ቺዝ ሳንድዊች በችኮላ አይሆንም

በመጀመሪያ እሳቱን ቀንሱ። አዲስ ልጅ ወደ ኩሽናችን ሲመጣ መጥበሻውን ሳይጥድ ቡታጋዙን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ከዚያ ዳቦው ከውጭ ከሰል ይሆናል፣ ቺዙ ውስጥ እንደተቆረጠ ቁጭ ብሏል። አንዴ በምሳ ሰዓት፣ ትዕዛዙ ተደራርቦ፣ አንዱ ልጅ የጠቆረውን በቢላ ፍቆ ፍቆ ሳህን ላይ ሊያወጣው ሲል ደረስኩበት። "ውስጡ ደህና ነው" አለኝ። ከፈትነው። ቺዙ ጠርዙ እንኳን አልለሰለሰም! ዳቦ እኮ ውስጡ አየር ነው፣ ሙቀት የሚያሳልፈው ቀስ እያለ ነው። ከመካከለኛ ዝቅ ያለ እሳት፣ በየጎኑ ሦስት አራት ደቂቃ፣ በቃ። የመጀመሪያው ጎን ላይ ክዳን ድፉበት፣ ስትገለብጡት ግን አንሱት፣ አለበለዚያ እንፋሎቱ ዳቦውን ያረጥበዋል። ደንበኛ ቸኮለ? እሳት ከመጨመር ቺዙን ፈቅፍቁት፣ ከወፍራም ቁራጭ ቶሎ ይቀልጣል።

አይብ ያደረጋችሁበት ደግሞ እስከ ማታ ብትጠብቁትም አይቀልጥም። አይብን የሚያረጋው የአሬራው ኮምጣጣነትና ሙቀት ስለሆነ፣ መልሶ ሲሞቅ ውሃውን ጥሎ ይደርቃል እንጂ አይለጠጥም። የጣሊያን ቺዞቹ ሞዛሬላና ፕሮቮሎኔ ሲሠሩ በሙቅ ውሃ እየተለጠጡ ነው፣ ለዚህ ነው ክር የሚያወጡት። አይብ ካማራችሁ (እኔ ከጎመን ጋር ሲሆን እምቢ ማለት አልችልም) ፕሮቮሎኔ ቀላቅሉበት፣ አንድ ላይ የሚይዘው እሱ ነው።

ቲማቲም ከጨመራችሁበት ፍሬው ይውጣ። ቱና ከሆነም ዘይቱ ይጠንፈፍ።

የተረፈ ጥብስ በጣም ይሄዳል፣ ግን ከፍሪጅ በቀጥታ አታስገቡት። መጀመሪያ ይሙቅ፣ ደቀቅ ተደርጎም ይከተፍ፣ ትልቅ ቁራጭ ከሆነ የመጀመሪያው ንክሻ ሁሉንም ጎትቶ ያወጣዋል። ቺዝ ከላይም ከታችም አድርጉ፣ ስጋውን ከዳቦው የሚያጣብቅላችሁ ሌላ ነገር የለም።

ለውጩ የለሰለሰ የገበታ ቅቤ ነው፣ እሱም ዳቦው ላይ ይቀባል እንጂ መጥበሻው ላይ አይጣልም። ማዮኔዝም ጥሩ ቀለም ያወጣል። የተነጠረ ቅቤ ግን ኮረሪማው ቺዙን ይውጠዋል። ልጆቹ ሁሉም ይሞክሩታል፣ አልከለክላቸውም፣ ራሳቸው ይቅመሱት።

በመጨረሻ፣ ከመጥበሻው እንደወጣ አትቁረጡት። አንድ ደቂቃ ይረፍ፣ ያውም የሽቦ ፍርግርግ ላይ፣ ለጥ ባለ ሳህን ላይ ከሆነ ከስር ያልበዋል። እዚያው ፈጥናችሁ ብትቆርጡት ቺዙ ቢላውን ተከትሎ ይወጣል።