ቡድናችሁ ኮከቡን ሲሸጥ የሚያዝ የዱቤ ደብተር

ሐምሌ 26 ቀን 2014 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው መንገድ ጎርፍ ሆኖ ነበር። ደንበኛ የለም። ፎቶ ኮፒ ማሽኑን አጥፍቼ ስልኬን ስከፍት የምደግፈው የቤዝቦል ቡድን፣ ዋሽንግተን ናሽናልስ፣ ኮከቡን ሁዋን ሶቶን ለሳንዲያጎ ፓድሬስ አሳልፎ ሰጥቶታል። ሶቶ ያኔ ገና 23 ዓመቱ ነው። ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦለት አልፈርምም ብሏል። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ዝም አልኩ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ የእህቴ ልጅ። ነገርኩት። እሱ የአርሴናል ደጋፊ ስለሆነ መጀመሪያ የጠየቀኝ «በስንት ሸጡት?» ብሎ ነው። በገንዘብ አልሸጡትም። ሶቶንና ጆሽ ቤልን ሰጥተው ሲጄ ኤብራምስን፣ ማኬንዚ ጎርን፣ ጄምስ ዉድን፣ ሮበርት ሃሰልን፣ ሃርሊን ሱሳናንና ሉክ ቮይትን ተቀበሉ። ከቮይት በቀር ሁሉም ልጆች ናቸው። «ታዲያ ማን ከሰረ?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ በዚያ ምሽት መልስ አልነበረም፤ ለማንም አልነበረም። ከመደርደሪያው አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አወረድኩና ቀኑን ጻፍኩበት። ደብተሩ እስከ ዛሬ ከሱቁ የዱቤ ደብተር ጎን ይቀመጣል። አያያዙን ልንገራችሁ።

ዋሽንግተን ውስጥ 11 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ቤዝቦል የለመድኩት በሬዲዮ ነው። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ስለሚጫወት፣ ከበጋ እስከ መኸር ሌሊቱን አብሮህ የሚነዳ ሰው ማለት ነው። ናሽናልስ በ2008 102 ጊዜ፣ በ2009 103 ጊዜ ሲሸነፍ ደጋፊዎቹን ከስታዲየሙ ወደ ቤታቸው ያደረስኩት እኔና ጓደኞቼ ነን። (ከዚህ አንቀጽ ጀምሮ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ደብተሩን ስትከፍቱ ሦስት ክፍል አድርጉት፤ አንዱ ለድራፍት፣ አንዱ ለልውውጥ፣ አንዱ ለቡድኑ ለራሱ። ሦስቱን አትቀላቅሉ። ልውውጡ ትክክል ሆኖ ቡድኑ ሊወድቅ ይችላል፤ እኔ ራሴ ይህን ለመቀበል ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

ከድራፍቱ እንጀምር። በየዓመቱ በጁላይ ክለቦች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ ልጆችን በተራ ይመርጣሉ። በ1965 የተጀመረ ነው፤ አሁን 20 ዙር አለው። ድሮ ከሁሉ የባሰው ቡድን አንደኛ ይመርጥ ነበር። ከ2023 ወዲህ ግን የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተራዎች በዕጣ ይወጣሉ። ሕጉ እየደጋገሙ ዕጣ ውስጥ መግባትንም ስለሚከለክል፣ ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 121 ጊዜ ተሸንፎ በቀጣዩ ዓመት የመረጠው አሥረኛ ነው። ስለዚህ «እንሸነፍ፣ አንደኛውን ልጅ እናገኛለን» የሚል ሰው ስሌቱ አርጅቷል።

በድራፍት ገጻችሁ ላይ የተራውን ቁጥር በትንሹ ጻፉት። በ2013 አንደኛ የተመረጠው ማርክ አፔል ነው፤ ከፍተኛው ሊግ፣ ሜጀር ሊግ፣ የደረሰው በ2022፣ በ30 ዓመቱ ነው። ሁለተኛው ክሪስ ብራያንት በ2016 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። 32ኛው ኤረን ጀጅ ነው፤ በ2022 62 ሆምራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር የሚያሻግር ምት) የመታው። እኔ ደግሞ ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ስለሆነ አንድ ስም መቼም አይጠፋኝም፦ ማይክ ፒያሳ። በ1988፣ በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ ተመረጠ። በ2016 ከቤዝቦል ታላላቆች የክብር መዝገብ ገባ። የሚመረጡት ልጆች የ17፣ የ18፣ የ21 ዓመት ናቸው። ሜጀር ሊግ ለመድረስ ከታችኛው ኮምፕሌክስ ሊግ ተነስተው በሲንግል ኤና በደብል ኤ አልፈው እስከ ትሪፕል ኤ አምስት ደረጃ መውጣት አለባቸው፤ በየደረጃው ብዙዎች ይቀራሉ።

ከስሙ ጎን አራት ነገር ጻፉ። ዕድሜውን፣ ያለበትን ደረጃ፣ ስትራይክአውቱን (መቺው ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት መውጣቱን) ከዎኩ (አራት የተበላሸ ኳስ ተወርውሮለት በነጻ ማለፉን) ጋር፣ የፈረመበትን ገንዘብ። ዕድሜና ደረጃ ተለያይተው አይነበቡም። በደብል ኤ መካከለኛ ውጤት ያለው የ19 ዓመት ልጅ፣ እዚያው ደረጃ ላይ ከሚያበራ የ24 ዓመት ጎልማሳ ይበልጥብኛል። ስትራይክአውት ደግሞ ከሆምራን ቀድሞ ይናገራል። በ2022 በአምስተኛ ተራ የመረጥነው ኤላይጃ ግሪን ጉልበትም ሩጫም ነበረው፤ ግን በታችኛው ደረጃ ስትራይክአውቱ በዝቶ መውጣት ከበደው። ወርዋሪ (ለመቺው ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች) ከሆነ አምስተኛ መስመር ጨምሩለት፤ ክንዱ ታክሟል ወይ? ስቲቨን ስትራስበርግ በ2010 ጁን ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲወረውር ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ፒትስበርግን 14 ጊዜ ስትራይክአውት አደረገ። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ «እዚሁ አቁም፣ ሂሳቡ ይቁጠር» አለኝና እስከ መጨረሻው አብረን ሰማን። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ክርኑ በቀዶ ሕክምና ተጠገነ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ደጋፊ አይጠይቅም፤ እኔ ግን ባለሱቅ ነኝና መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች እያንዳንዱ ተራ የተመደበለት ዋጋ አለው። የተመደበው ሁሉ ተደምሮ ክለቡ ልጆቹን የሚያስፈርምበት ከረጢት ይሆናል። ሂዩስተን በ2012 ካርሎስ ኮሬያን አንደኛ መርጦ ለተራው ከተመደበው 7.2 ሚሊዮን ውስጥ 4.8 ሚሊዮን ብቻ ከፈለው። በተረፈው ላንስ መከለርስን በ41ኛው ተራ አስፈረመ። ሁለቱም በ2017ቱ ሻምፒዮን ቡድን ውስጥ ነበሩ። አንደኛ ተመራጩ በርካሽ ሲፈርም «ክለባችን ቆጠበ» ብላችሁ አትናደዱ። ትርፉ ለማን እንደዋለ ፈልጉና ያንን ልጅ ከሥሩ ጻፉ።

ወደ ልውውጡ ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት ዓመት ቁጠሩ። አንድ ተጫዋች ሜጀር ሊግ ከገባ በኋላ ስድስት ሙሉ ዓመት የክለቡ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አነስተኛውን ደመወዝ ይበላል፣ ከዚያ ስለ ደመወዙ በግልግል ይከራከራል፣ ከስድስት በኋላ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። ሶቶ ሲሰጥ የቀረው ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ነበር። ዋሽንግተን በምትኩ ጎርን እስከ 2027፣ ኤብራምስን እስከ 2028፣ ዉድን እስከ 2030 አገኘ። የሰጠነው ሁለት ዓመት፣ የተቀበልነው ብዙ ዓመት። እኔ በዚያ ምሽት ባዝንም ደብተሩ ላይ የጻፍኩት «ዋጋው ያስኬዳል» ብዬ ነው።

ዋናው ግን የመጠየቂያው ቀን ነው። ሱቄ ውስጥ ተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ በዱቤ ሲወስድ ስሙን፣ የወሰደውን፣ የሚከፍልበትን ቀን እጽፋለሁ። የመክፈያ ቀን ያልተጻፈበት ዱቤ ስጦታ ነው። በልውውጥም እንዲሁ ነው፤ ክለቡ ዛሬ ከእናንተ ደስታ ወስዷል፣ መቼ እንደሚመልስ ጻፉ። ዉድ ያኔ 19 ዓመቱ ነው፣ ሲንግል ኤ ላይ፤ «2025» ብለን ጻፍንለት። ኤብራምስ ሜጀር ሊግን ያየ ስለነበር «2024» አልነው። ኤብራምስ በ2024 ኦል ስታር ሆነ (ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ)፣ ዉድና ጎር በ2025። ዉድ በዚያው ዓመት 31 ሆምራን መታ፤ ስትራይክአውቱ ከ200 ማለፉንም ከሥሩ በቀይ ጽፈናል። ከቀኑ በፊት ግን አትፍረዱ። ልውውጡ በተፈጸመ ማግስት «ተዘረፍን» የሚለው ሰውና «አታለልናቸው» የሚለው ሰው ሁለቱም ገና ያልበሰለ ድስት እየከፈቱ ነው።

እዳው ረጅም ሊሆንም ይችላል። ዲትሮይት በ1987 ለዋንጫው ሩጫ ዶይል አሌክሳንደርን ከአትላንታ አመጣ። 9 አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ምድቡን አስጨበጣቸው። የሰጡት የ20 ዓመት ልጅ ጆን ስሞልትዝ ነበር፤ በ2015 ከታላላቆቹ መዝገብ ገባ። ዲትሮይትን ሞኝ የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፤ የፈለጉትን በፈለጉበት ወር አግኝተዋል። በገጹ ላይ ሁለቱም መጻፍ አለባቸው።

የቅርጫት ኳስ የምትከታተሉ ከሆነ አንድ ነገር አስተውሉ፦ በቤዝቦል የድራፍት ተራ ራሱ፣ ከጥቂት ልዩ ተራዎች በቀር፣ አይሸጥም። «የወደፊት ምርጫ እንቀበል» የሚል ሐሳብ እዚህ የለም።

ሦስተኛው ክፍል የከበደኝ ነው። ዳግም ግንባታ ማለት ክለቡ ለደጋፊው «ለጥቂት ዓመት ታገሡኝ» ማለቱ ነው። እኔ የምሰጠው ሦስት ዓመት ነው፤ አራተኛው ላይ ከግማሽ በላይ ማሸነፍ መጀመር አለበት። ሂዩስተን በ2011 106፣ በ2012 107፣ በ2013 111 ጊዜ ተሸነፈ፣ ከዚያ በ2017 ዋንጫ አነሳ። ብዙ ክለብ ያንን መንገድ ሊቀዳ ሮጠ። ግን የዚያ ዓመት ቡድን ተቃራኒ ቡድን ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር የሚነጋገርበትን ምልክት በካሜራ ሲሰርቅ እንደነበር ተረጋግጦ በ2020 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ የሁለት ዓመት የአንደኛና የሁለተኛ ዙር ምርጫውንም ተነጠቀ። እኔ ያንን ዋንጫ ለምሳሌነት አልወስድም። ባልቲሞርን እዩ፤ በ2018 115፣ በ2019 108፣ በ2021 110 ሽንፈት። አድሊ ረችማንና ጃክሰን ሆሊዴይ አንደኛ ሆነው ተመረጡ። በ2023 101 አሸነፉ። ከዚያስ? በ2023ም በ2024ም ከጥሎ ማለፉ አንድ ጨዋታ ሳያሸንፉ ወጡ፣ በ2025 የምድባቸው መጨረሻ ሆኑ። ልጆቹ ጥሩ ነበሩ። ወርዋሪ የሚገዛ ገንዘብ በጊዜው አልወጣም፤ እኔ የማየው ጉድለት ይህ ነው።

የኛ የ2019 ዋንጫ በአራት በር የገባ ነው። ስትራስበርግና አንቶኒ ሬንዶን በድራፍት፣ ትሬይ ተርነር በልውውጥ፣ ማክስ ሸርዘር በ210 ሚሊዮን ዶላር ውል፣ ሶቶ ደግሞ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ16 ዓመቱ በ1.5 ሚሊዮን ተፈርሞ። (ከካሪቢያንና ከላቲን አሜሪካ አገሮች የሚመጡት ልጆች በድራፍት አያልፉም።) የፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ የተጀመረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ሲያልቅ ጎዳናው በተማሪ ተሞልቶ ነበር። የቡድን ገጻችሁ ላይ አራቱን በሮች ሥላችሁ በየዓመቱ በየትኛው ማን እንደገባ ጻፉ። አንዱ በር ሁለት ዓመት ከተዘጋ ግንባታው ቆሟል። የዋሽንግተን ገጽ ላይ ከ2020 እስከ 2025 በልውውጥ በር ጥሩ ልጆች ገብተዋል፣ በድራፍቱና በገንዘቡ በር ግን የገባው ጥቂት ነው። ስድስቱም ዓመት ከግማሽ በታች አሸነፍን። በጁላይ 2025 ዋና ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞና አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ተሰናበቱ። ለሪዞ ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ዋንጫውን የሠራ ሰው ነው። የሦስት ዓመቱ ቀን ግን አልፎ ነበር።

ሰዓቱን ልንገራችሁ፣ እንቅልፍ እንዳታጡ። የልውውጥ መዝጊያው በጁላይ ማብቂያ፣ በእኛ ሐምሌ 24 አካባቢ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። የማታ ጨዋታ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጀምራል፤ ሥራ ያለው ሰው አይችለውም። እሑድ የሚደረገው የቀን ጨዋታ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሚጀምር ከእራት በኋላ በድምፅ መከታተል ይቻላል። ደብተሩን በወር አንዴ ብቻ ክፈቱ። በየቀኑ ያየ ሰው የአንድ ሳምንት ክፉ ውጤት አይቶ ልጁን ይሰርዘዋል።

የመጨረሻው የድራፍት ገጽ በእህቴ ልጅ እጅ የተጻፈ ነው። ኢላይ ዊሊትስ፣ ሾርትስቶፕ (የውስጥ ሜዳ ተከላካይ)፣ ከኦክላሆማ፣ 17 ዓመት፣ በ2025 አንደኛ ተመራጭ። የፈረመው በ8.2 ሚሊዮን ነው፤ ለተራው ከተመደበው በጣም ያነሰ። «የመጠየቂያው ቀን?» አለኝ። 2029 አልኩት። ከስሙ ሥር አራት መስመር ባዶ ትቷል፤ በተረፈው ገንዘብ የፈረሙት ልጆች የሚጻፉበት ነው።