ከኤክሴል ወደ ግኑካሽ፦ የባንክ ስቴትመንት አልገባ ሲል

የባንክ ስቴትመንት ከኤክሴል ወደ ግኑካሽ፣ ማለትም ወደ ሒሳብ መያዣ ሶፍትዌሩ፣ ሳስገባ ስንት ዓመቴ። የራሴንም፣ የሰውንም። አንድ ሰው "አልሠራ አለኝ" ብሎ ላፕቶፑን ይዞ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ገና ሳልከፍተው ችግሩን እገምታለሁ። ቀን ነው። ካልሆነም የአማርኛው ጽሑፍ ነው። ሌላው ከስንት አንዴ ነው።

ከላይ ያለውን የባንኩን ሎጎና አድራሻ መሰረዝ፣ የተዋሃዱ ሴሎችን መፍታት፣ "ጠቅላላ ድምር" የሚለውን የመጨረሻ መስመር ማውጣት፣ ከመጀመር በፊት ባካፕ መያዝ፤ ይህን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ገብቷል፣ ግን ቀኖቹ ተበታትነዋል

የማርች 2024ን ስቴትመንት አስገባችሁ እንበል። የአንድ ወር ብቻ ነው። ግኑካሽን ስትከፍቱ ግን አንዱ ክፍያ ጃንዋሪ ላይ፣ አንዱ ኦገስት ላይ፣ አንዱ ዲሴምበር ላይ ቁጭ ብሏል። ከ13ኛው ቀን ወዲህ ያሉት ደግሞ ስህተት አለባቸው ተብለው ቀርተዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ባንኩ ቀን/ወር/ዓመት ብሎ ይጽፋል። ላፕቶፑ ግን ከተገዛ ጀምሮ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ላይ ነው፤ ወር/ቀን/ዓመት ብሎ ያነባል። ሲኤስቪ ፋይሉን (ኮለሞቹ በኮማ የተለዩበትን ተራ የጽሑፍ ፋይል) ደብል ክሊክ ስታደርጉት ኤክሴል ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ይተረጉመዋል። 01/03/2024 ለባንኩ ማርች 1 ነው፣ ለኤክሴል ጃንዋሪ 3። 02/03 ፌብሩዋሪ 3 ይሆናል። 03/03 በዕድሉ ይተርፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ 12/03 ዲሴምበር 3 ላይ ያርፋል። 13/03 ላይ ሲደርስ ግን 13ኛ ወር አያውቅምና (ጳጉሜን ማን ይንገረው!) እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል።

ስለዚህ የማርች ስቴትመንት ሲገለበጥ የተበተኑት ሁሉ በየወሩ 3ኛ ቀን ላይ ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ። የሜይ ከሆነ በየወሩ 5ኛ ቀን ላይ። ይህን ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ኤክሴል ላይ እያለም ያስታውቃል። ቀን ሆኖ የተያዘው ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ሆኖ የቀረው ወደ ግራ። አንዳንድ ሰው ግን ለማሳመር ብሎ ኮለሙን በሙሉ መሃል ላይ ያሰልፍና ይህችን ምልክት ያጠፋታል። እባካችሁ አታሳምሩት።

"ባለፈው ወር እኮ እንዲሁ አድርጌ ሠርቶልኝ ነበር" የሚለኝ ብዙ ነው። እውነቱን ነው። ኤክሴል ጃንዋሪ 3 ብሎ ያሰበውን ሲያሳይም ሴቭ ሲያደርግም 1/3/2024 ብሎ ነው። ግኑካሽ ላይ ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚለውን ከመረጣችሁ ተመልሶ ማርች 1 ይሆናል። ሁለት ስህተት ተጣፍቶ ነው የሠራው። የሚፈነዳው አንድ ቀን ኮለሙን ዓመቱ የሚቀድምበት ፎርማት ላይ ስትቀይሩት ነው። ያኔ 2024-01-03 ይሆንና የውሸቱ ቀን እውነት ሆኖ ይጻፋል።

አንዲት ጎረቤቴ የልብስ ሱቅ አላት። ኮምፒዩተር የሚችል የእህቷ ልጅ የአራት ወር ስቴትመንት አስገባላት። ፎርማቱን ቀየረ። ያልተቀየሩትን፣ ማለትም ከ13 ጀምሮ ያሉትን፣ አንድ በአንድ በእጁ አስተካከለ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቷል። ድምሩ ከባንኩ ጋር እስከ ሳንቲሟ ገጠመ። ሁሉም ደስ አለው። ሜይ ላይ የየወሩን ወጪ ሪፖርት ስታወጣ ነው ጉዱ የወጣው። "የዲሴምበር ኪራይ ከፍያለሁ ይለኛል፣ ዲሴምበር መች ደረሰና?" ብላ ጠራችኝ። ማርች 12 የከፈለችው ኪራይ ነበር። ዋናውን ሲኤስቪስ? ልጁ "ተስተካክሏል" ብሎ ከፍላሹ ላይ አጥፍቶታል።

ልብ በሉ፦ ቀኑ ቢገለበጥም ድምሩ ያው ነው። የመጨረሻው ባላንስም ያው ነው። ድምር ገጠመ ብሎ መተኛት አይቻልም። እኔ የማደርገው ከስቴትመንቱ ላይ የሁለት ወይም የሦስት ወር መጨረሻ ባላንስ እወስድና ግኑካሽ በዚያው ቀን ከሚያሳየው ጋር አስተያያለሁ። ቀን ከተበላሸ እዚያ ላይ ይያዛል።

መፍትሄው፣ ዋናው ፋይል ካለ፦ ደብል ክሊክ አታድርጉ። ባዶ ኤክሴል ክፈቱ፣ ዳታ ከሚለው ሜኑ ገብታችሁ ከጽሑፍ ፋይል አምጡት፣ የቀኑን ኮለም ጽሑፍ ሆኖ እንዲቀር አድርጉ። እኔ እንዲያውም ለዚህ ሥራ ኤክሴልን የሚመስለውን ሊብሬኦፊስ ካልክን እመርጣለሁ። ፋይሉን ሲከፍት ራሱ መስኮት ያመጣል። የቀኑን ኮለም ነክታችሁ ዲኤምዋይ (ቀን፣ ወር፣ ዓመት) የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ አለቀ።

ዋናው ከጠፋና የተበላሸው ኤክሴል ብቻ በእጃችሁ ካለ፦ አጠገቡ አዲስ ኮለም ክፈቱ። ሴሉ ቁጥር መሆን አለመሆኑን በኢዝነምበር ፎርሙላ ፈትሹ። ሴሉ ቁጥር ከሆነ የዴት ፎርሙላ ውስጥ ወሩን በቀኑ ቦታ፣ ቀኑን በወሩ ቦታ አስገቡ። ጽሑፍ ከሆነ በሌፍት ከግራ ሁለቱን ለቀን፣ በሚድ የመሃሉን ሁለት ለወር፣ በራይት ከቀኝ አራቱን ለዓመት ውሰዱ።

ማስጠንቀቂያ። ይህን ፎርሙላ ሁለት ጊዜ እንዳታስኬዱት፤ ያቀናውን መልሶ ያጣምመዋል። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ጥሩ የነበረ ወርና የተበላሸ ወር አንድ ሺት ላይ ደባልቃችሁ አታስኬዱት። እንደ ጎረቤቴ ግማሹ በእጅ ከተስተካከለ ደግሞ ፎርሙላ አያድናችሁም፤ ከባንክ አዲስ ስቴትመንት ማውጣት ይሻላል። እኛም በመጨረሻ ያደረግነው እሱን ነው። አንድ ተጨማሪ፦ የሴሉን ፎርማት እየቀያየራችሁ አትድከሙ። ኤክሴል ውስጥ ቀን ማለት ቁጥር ነው። የማርች 1፣ 2024 ቁጥር 45352 ነው፣ ጃንዋሪ 3 ደግሞ 45294። ፎርማት መቀየር ልብሱን መለወጥ ነው፤ ከሥር ያለው ቁጥር ንቅንቅ አይልም።

ሒሳቡ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል

ይህ በእጅ የተያዘ ኤክሴል ላይ ነው የሚመጣው። ሒሳብ ያዡ በኛ አቆጣጠር ይጽፋል። 12/06/2016፣ የካቲት 12 ማለቱ ነው። ኤክሴል የፈረንጅ 2016 ነው ብሎ ዝም ይላል። 30/06/2016 ሲመጣም ቀን/ወር/ዓመት ብሎ ለሚያነብ ኮምፒዩተር ልክ ነው፣ ጁን 30። ያ ነው የሚያሳዝነው፤ የሚጮህ ነገር የለም። ትክክለኛው ማርች 9፣ 2024 ነበር።

ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ መገላገል አይሠራም፤ ወሩና ቀኑም ይለያያል። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ኮለም ለዩ። ዓመቱ ላይ 7 ደምሩና የዚያን ዓመት ሴፕቴምበር 11ን ያዙ። ዓመተ ምሕረቱ ያለ ቀሪ ለ4 የሚካፈል ከሆነ፣ ማለትም ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ፣ ሴፕቴምበር 12ን። ከወሩ 1 ቀንሱና በ30 አባዙ፣ ከቀኑም 1 ቀንሱ፣ ሁለቱን ጨምሩበት። ጳጉሜም እንደ 13ኛ ወር በዚሁ ይሠራል። ለሙከራ ጳጉሜ 6፣ 2015 አስገቡ፤ ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ካልሰጣችሁ ፎርሙላው ውስጥ የሳታችሁት አለ።

አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆነ

ሁለት ዓይነት ነው፣ አታምታቱት። የላከው ሰው ስም በየፊደሉ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ጽሑፉ ጠፍቷል። ሴቭ ስታደርጉ ተራውን ሲኤስቪ መርጣችኋል። ከዚያ ፋይል ላይ ምንም አይመለስም፤ ወደ ኤክሴሉ ተመልሳችሁ ዩቲኤፍ 8 (የግዕዝ ፊደልንም የሚይዝ የጽሑፍ ኮድ) የሚለውን ሲኤስቪ ምረጡ። በጥያቄ ምልክት ፈንታ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ በየሦስት ፊደሉ እየተደጋገመ ካያችሁ ግን አትደንግጡ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፣ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያ ነው ኤ የሆነው። ፋይሉ ደህና ነው። አከፋፈቱ ነው ስህተቱ። ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉትና ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ እንደገና አምጡት።

ብሩ አይደመርም

ከቁጥሩ ጋር "ብር" የሚል ቃል ወይም የማይታይ ክፍት ቦታ ተጣብቋል። ክፍት ቦታ የሚያጠፋው የትሪም ፎርሙላ አያነሳውም፤ ኮዱ 160 የሆነ ሌላ ዓይነት ክፍት ቦታ ነው። በመተኪያው ፎርሙላ፣ በሰብስቲትዩት፣ ቻር 160ን በባዶ ተኩት። ወጪና ገቢው ከተገለበጠ ደግሞ ዴቢቱን (ወጪውን) ማይነስ አድርጋችሁ ከገቢው ጋር በአንድ ኮለም ላይ አስቀምጡት።

የሒሳብ ቁጥሩ 1 ነጥብ ምናምን ኢ ፕላስ 12 ሆነ

ኤክሴል ሲኤስቪ ላይ የሚጽፈው በዓይን የሚታየውን ነው። ኮለሙን ገና ሲገባ ጽሑፍ አድርጉት። ከ15 አኃዝ በላይ የሆነ ሪፈረንስ ከሆነ ጭራው ዜሮ ሆኗል፤ ማስፋት አይመልሰውም።

አንዱ ሁለት ጊዜ ገባ፣ ወይም ጭራሽ አልገባም

ኪውአይኤፍና ኦኤፍኤክስ ግኑካሽ የሚቀበላቸው የሒሳብ ፋይል ዓይነቶች ናቸው። ኪውአይኤፍ ለየመስመሩ መለያ ቁጥር የለውም። ግኑካሽ በቀንና በብር መጠን እየገመተ ነው "ይህ የገባ ይመስለኛል" የሚላችሁ። የሁለት ስቴትመንት ቀኖች ከተደራረቡ ዓይናችሁን ከማዛመጃው መስኮት ላይ አታንሱ።

ኦኤፍኤክስ ለእያንዳንዱ መስመር ኤፍአይቲአይዲ የሚባል መለያ አለው። ጥሩ ነገር ነው፣ በደንብ ከተሠራ። አንድ ጓደኛዬ ከኢንተርኔት ያወረዳት ማክሮ (ኤክሴል ውስጥ የምትሠራ ትንሽ ፕሮግራም) መለያውን 1፣ 2፣ 3 እያለች ከረድፉ ቁጥር ትሰጣለች። የመጀመሪያው ወር 34 መስመር ነበረው፣ በሰላም ገባ። ሁለተኛው ወር 40 ነበረው፣ የገባው 6 ብቻ ነው። ግኑካሽ ቀሪዎቹን "እነዚህን አውቃቸዋለሁ" ብሎ ድምፅ ሳያሰማ ዘለላቸው። ጓደኛዬ ባንኩን ሲረግም ነበር የሰነበተው።

መለያውን ከባንኩ ሪፈረንስ ሥሩት። ለብቻው ግን አይበቃም፤ ዝውውሩም የአገልግሎት ክፍያውም በአንድ ሪፈረንስ የሚወጣበት ስቴትመንት አለ። ቀኑን፣ ሪፈረንሱንና ብሩን አያይዙ። በአንድ ቀን ሁለት እኩል ክፍያ ካለ መጨረሻው ላይ ተራ ቁጥር ጨምሩ።

ከስንት አንዴ የሚገጥሙ

ኪውአይኤፍ ፋይሉ ጭራሽ አልታወቀም ከተባለ መጀመሪያው ላይ ቦም የሚባለው የዩቲኤፍ 8 ስውር ምልክት ተቀምጦ ይሆናል፤ ያለ ቦም ሴቭ አድርጉት። ሁሉም ነገር አንድ ኮለም ውስጥ ከታጨቀ ኮለሞቹን የሚለየው ምልክት ኮማ ሳይሆን ሴሚኮለን ነው። ቀኑ ሁሉ በእኩል አራት ዓመት ከአንድ ቀን ወደ ኋላ ከሄደ ደግሞ ፋይሉ ከ1904 ከሚቆጥር የድሮ ማክ ኤክሴል የተገለበጠ ነው። አንዴ ብቻ ገጥሞኛል። 1,462 ደመርኩበትና ቡናዬን ጠጣሁ።