ሁለተኛ ሰሚስተር ሲጀመር ባህርዳር ጊቢ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሸወድባቸው ነገሮች

ባህርዳር ላይ ሁለተኛ ሰሚስተር ሲገባ ሙቀቱም አብሮ ነው የሚገባው፣ ከቤት የመጣ ሰው ገና ድካሙ አልለቀቀውም፣ ጓደኛ ናፍቋል፣ ጣና ዳር ይጠራል፣ እና የመጀመሪያው ሳምንት ሳይታወቅ ያልቃል። ከባህርዳር ዩኒቨርሲቲ ጊቢዎች ፔዳም ሁኑ ፖሊ፣ ዘንዘልማም ሁኑ ይባብ፣ እባካችሁ እነዚህን ልብ በሏቸው፣ ስንት ጎበዝ ልጅ ፋይናል ላይ የሚቸገረው በዚህ ሳምንት በተወው ነገር ነው።

"የመጀመሪያ ሳምንት ክላስ የለም" ብሎ ቤት መቆየት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አዎ አንዳንድ መምህር ላይገባ ይችላል፣ የገባው ግን ኮርስ አውትላይን ይሰጣል፣ ስለ ኩዊዝና ሚድ ይናገራል፣ ከዛ "አምስት አምስት ሆናችሁ ግሩፕ ስሩና ስም ዝርዝር አምጡ" ብሎ ይወጣል። ሪፑ (የክላስ ተወካዩ) ወረቀቱን ሲያዞር የሚሰሩት ልጆች እዛው ተጠራርተው ይሞላሉ፣ እናንተ ቅዳሜ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ስትደርሱ የቀረው ከየቦታው የተራረፈው ሰው የተሰበሰበበት ግሩፕ ነው፣ አንዱ ስልክ አያነሳም ሌላው ጭራሽ ክላስ አይታይም፣ ሰሚስተሩን ሙሉ አሳይመንቱን ብቻችሁን ስትሰሩ ትከርማላችሁ። የግድ ከቀራችሁ ቢያንስ ለጓደኛችሁ ደውሉና ስማችሁን ያስገባላችሁ።

አውትላይኑን በስልክ ፎቶ አንስቶ መርሳት። አውትላይኑ ላይ የምዘናውን ክፍፍል እዩት፣ ክሬዲቱንም እዩት። ሁለት ኮርስ እንውሰድ፣ አንዱ 4 ክሬዲት አንዱ 2 ክሬዲት። ኤ 4 ነጥብ ሲ 2 ነጥብ ነው፣ የ2ቱን ኤ የ4ቱን ሲ ብታመጡ አማካዩ 2.67 ነው፣ ገልብጣችሁ የ4ቱን ኤ የ2ቱን ሲ ብታመጡ 3.33 ነው። ልፋቱ ያው ነው ልዩነቱ ግን ይሄን ያክላል፣ ስለዚህ ክሬዲቱ የሚበልጠውን ኮርስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ያዙት፣ ቀላሉ ስለሚጥም ብቻ እሱ ላይ አትክረሙ።

አድ እና ድሮፕን (ኮርስ መጨመርና መጣልን) ለመጨረሻው ቀን ማሳደር። ባለፈው ሰሚስተር ኤፍ ያለበት ሰው በተለይ ይሄን ይስማኝ። የወደቃችሁበት ኮርስ ለአሁኑ ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መታለፍ ያለበት) ከሆነ ሲስተሙ መዝግቧችሁ ቢገኝ እንኳን በኋላ ጣጣ ያመጣል፣ ተምራችሁ ተፈትናችሁ ግሬዱ ላይያዝላችሁ ይችላል። የምዝገባ ስሊፓችሁን አውጡና ኮርስ በኮርስ ከዲፓርትመንቱ ካሪኩለም ጋር አስተያዩት፣ ያልገባችሁን አድቫይዘራችሁን ጠይቁ። ሬጅስትራር መስኮት ላይ ሰልፉ የሚረዝመው መጨረሻው ቀን ላይ ነው፣ ሰኞ ማክሰኞ ብትሄዱ ግን ቶሎ ትጨርሳላችሁ።

ሙቀት ነው ብሎ ጣና ገብቶ መዋኘት። ይሄ ከትምህርቱ ውጪ ነው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጣና ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ የሚባል በትል የሚመጣ በሽታ አለ፣ ትሉ የሚራባው ዳር ዳሩን ሳር ስር በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፣ ከዛ ወጥቶ ውሃው ውስጥ የቆመን ሰው በቆዳው በኩል ይገባል። ወዲያው አይታወቅም፣ ቢበዛ ትንሽ ያሳክካል፣ ትኩሳቱና የሆድ ህመሙ ከሳምንታት በኋላ ሚድ ላይ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ ማንም ጣናን አያስታውስም። የገባ ሰው ካለ ክሊኒክ ሄዶ "ጣና ገብቼ ነበር" ይበላቸው፣ መድሃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ በደንብ ያድናል። ዳሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት፣ በጀልባ ወደ ገዳማቱ መሄድ፣ እሱ ምንም አይደል፣ እንዲያውም ሂዱ።

የብር ነገር አጭር ነው። በዚህ ሳምንት ሁሉም ኪሱ ውስጥ ከቤት የተሰጠው አለ፣ ባጃጁ ኮንትራት ይሆናል፣ ማታ ማታ አሳ ጥብስ ይታዘዛል። ነን ካፌ ልሁን (የጊቢውን ካፌ ትቼ በራሴ ልብላ) የሚል ደግሞ ከመወሰኑ በፊት የወሩን ምሳና እራት ወረቀት ላይ ይደምረው።

ዶርም ላይ ደግሞ ሳይነጋገሩ መጀመር አለ። መብራት ስንት ሰአት ይጥፋ፣ ስልክ በስፒከር ይከፈት ወይ፣ ማን መቼ ያፅዳ፣ ቁልፉ ማን ጋር ይደር፣ ሁሉም ገና በሚሳሳቅበት በዚህ ሳምንት ተነጋገሩ፣ ከተኮራረፋችሁ በኋላ ከባድ ነው። አጎበርም ስቀሉ፣ ባህርዳር ወባ አለ፣ የወባዋ ትንኝ የምትነክሰው ደግሞ በአብዛኛው ማታና ሌሊት ነው፣ የተቀደደ ከሆነ በመርፌ ስፉት፣ ከሌላችሁ ፕሮክተሩን (የዶርሙን ተቆጣጣሪ) ዛሬውኑ ጠይቁት።